ዱባ በሐይቁ ዳር፦ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ዛሬ ዶማ አነሳሁ። ከቤታችን ጀርባ ያለው መሬት ስድስት ሜትር በዘጠኝ ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ ነን፤ ከግቢያችን እስከ ጣና በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

አምና ዱባ ተክዬ ነበር። ሐረጉ አጥሩን ሞላው፣ ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ፣ አበባውማ ለጉድ ነበር። የበላሁት ግን አንድ ዱባ ብቻ ነው። እንጭጩ እያበጠ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ አገኘዋለሁ። ዘንድሮ ለምን እንደሚረግፍ ሳላውቅ አልቀርም ብዬ ነው ይህን ደብተር የያዝኩት።

የኛ ግቢ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። አሁን በበጋው ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጫማ የሚነቅል ጭቃ ይሆናል። ዱባ ውሃ ይወዳል፤ ሥሩ ውሃ ላይ ሲቆም ግን ይታፈናል። ስለዚህ አምስት ጉድጓድ ቆፈርኩ። እያንዳንዱ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ነው። ሁለት ሁለት ባልዲ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅዬ መለስኩና አፉን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ጉብታ አደረግሁት። ሦስቱ ለዱባ፣ ሁለቱ ለዙኩኒ። በዱባዎቹ መካከል ሁለት ሜትር ተውኩ። ዙኩኒ ሐረግ አይሰድም፤ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለእሱ አንድ ሜትር ይበቃዋል።

ፍጉን የሰጡኝ በግ የሚያደልቡ ጎረቤታችን ናቸው። ዓመት ያደረና አፈር አፈር የሚሸት ነው። ትኩስ አዛባ ሥር ያቃጥላል።

አንድ ወዳጄ ከሐይቁ እምቦጭ አምጥቼ ብስባሽ እንዳደርገው መከረኝ። አልሞከርኩትም። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከግቢያችን የሚወጣው የክረምት ጎርፍ ደግሞ መድረሻው ጣና ነው። በደምቢያና በፎገራ በኩል ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚነቅለውን አረም እኔ በጆንያ ተሸክሜ አላዞርም።

ከሰዓት ቅዳሜ ገበያ ሄድን፣ እኔና እማዬ። ዘር የምናወጣበትን ዱባ የመረጠችው እሷ ናት። ሻጯን አስቆርጣ ሥጋውን አየች፤ ብርቱካንማው ደመቅ ያለውንና ውሃ የማይቋጥረውን ወሰደች። እኔ የተመለከትኩት ግንጩን ነው፤ ማዕዘን ያለው፣ ጠንካራ፣ ፍሬው ላይ ሲደርስ እንደ እግር መዳፍ የሚሰፋ ነው። ይህ ዓይነቱ ዱባ ከዙኩኒ ጋር በቀላሉ አይዳቀልም። ጎን ለጎን ልተክላቸው ስለሆነ ደስ አለኝ። ዘሩን አጥበን ጥላ ላይ ዘርግተነዋል።

ግንቦት 18

ዘሩ በደንብ ደርቋል። ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ልጥጡን ጥለን ወፍራሙን መረጥን። ማታ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩ፤ ዛሬ ጠዋት በየጉብታው ሦስት ሦስት ቀበርኩ። ጥልቀቱ የአመልካች ጣት አንድ አንጓ ያህል ነው። ሹሉ ጫፍ ወደ ታች።

ግንቦት 25

በሰባት ቀኑ ወጡ! አፈሩን እንደ ክዳን አንስተው ነው የሚወጡት። ከ15ቱ 11 በቅለዋል። ሁለቱን አይጥ ቆፍሮ በልቷቸዋል፤ ቅርፊቱን ጉብታው ላይ ትቶልኛል። የቀሩትን ለማዳን የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ ደፋሁባቸው። ክዳኑ ክፍት ነው፤ አለበለዚያ ፀሐዩ ይቀቅላቸዋል።

ሰኔ 13

ክረምቱ ገባ። ትናንት ማታ የዘነበው ዝናብ ቆርቆሮውን ሊበሳው ነበር። በየጉብታው ጠንካራውን አንድ ተክል ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በመቀስ ቆረጥኩ። መንቀል የቀረውን ሥር ያናጋል።

ሦስተኛው ጉብታ ግን ጠፋብኝ። የጣሪያው ፍሳሽ የሚወርደው ወደዚያ መሆኑን በበጋ ስቆፍር አላሰብኩትም። ቅጠሉ በጠራራ እንደዋለ ጠውልጎ አገኘሁት። ውሃ የጠማው መስሎኝ ነበር፤ ስነቅለው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይሸታል። ቦይ አወጣሁ። ለሱ ዘግይቷል፤ ለሌሎቹ ግን ይጠቅማል። አሁን ያሉኝ ሁለት ዱባና ሁለት ዙኩኒ ናቸው።

ሰኔ 28

ዙኩኒው አበባ አወጣ። ሁሉም ወንዴ ነው። ትንሿ ልጄ «መቼ ነው ፍሬ የሚሆኑት?» ብላ ጠየቀችኝ። እነዚህ ፍሬ አይሆኑም አልኳት። ወንዴው አበባ ቀጭን እግር ላይ ነው የሚቆመው፤ ሴቴዋ ግን ገና ሳትፈካ ከሥሯ ትንሽ ዱባ አዝላ ትታያለች። መጀመሪያ ወንዴው ይመጣል፣ ሴቴዋ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ትከተላለች። አምና ይህን ስላላወቅሁ የመጀመሪያዎቹ አበቦች መርገፋቸው በሽታ መስሎኝ ነበር።

የዱባው ሐረግ በቀን አንድ ስንዝር እየሄደ ነው። አንጓው መሬት የነካበት ቦታ ላይ አፈር አለብሰዋለሁ፤ እዚያም ሥር ይሰዳል። ቅጠሉ ላይ የብር ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች አሉ። በጣቴ ስፈትገው አይለቅም። ስለዚህ ሻጋታ አይደለም፣ የተክሉ የራሱ መልክ ነው።

ሐምሌ 14

የመጀመሪያዋ የዱባ እንጭጭ ረገፈች። አበባዋ ከፈካ አምስት ቀኗ ነበር። እንቁላል ታክል ነበር፤ ከጫፏ ጀምራ ቢጫ ሆነች፣ ለሰለሰች፣ ወደቀች። ልክ እንደ አምናው።

እማዬ ወጥታ አየችና «ማን ነው በጣቱ የጠቆማት?» አለች። እንጭጭ ዱባ በጣት አይጠቆምም ትላለች፤ ይበሰብሳል። እሷ ያደገችበት መርዓዊ አካባቢ ልጆች ዱባ ሲያሳዩ እጃቸውን ጨብጠው ነበር። ልጄ ደነገጠች፤ ለጓደኛዋ በጣቷ አሳይታ ኖሯል። አቅፌ «ያንቺ ጣት አይደለም የኔ ሆድ» አልኳት። እማዬንም አልተቃወምኳት። ልጆች እንጭጩን እየነካኩ እንዳይጥሉት የሚጠብቅ ወግ ነው፤ እኔም ጣቴን እሰበስባለሁ። ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ሐምሌ 16

ሁለት ጠዋት በተከታታይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቼ ጓሮ ተቀመጥኩ። ጋቢ ለብሼ፣ ሻይ ይዤ። ያየሁት ይህን ነው።

አበባው ጎህ ሲቀድ ይፈካል። እስከ አራት ሰዓት ግፋ ቢል አምስት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ይጨማደድና ይዘጋል። አንድ አበባ የምትፈካው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ያቺ ጠዋት ካመለጠች እንጭጩ ይረግፋል።

እዚህ ሐይቁ ዳር ደግሞ የክረምት ዝናብ የሚበዛው ማታና ሌሊት ነው። ጠዋት ስነሳ ሁሉ ነገር ርሷል። አበባው እንደ ስኒ ውሃ ይዟል። ሰማዩ ዳመና ነው፣ ይበርዳል። ንብ የለም! በሁለቱ ጠዋት የቆጠርኳቸው ንቦች ሦስት ናቸው፤ እነሱም የመጡት አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አበባው ሊዘጋ ሲቃረብ ነው። ንብ በዝናብና በብርድ ከቀፎዋ አትወጣም።

የዱባ ጽጌ ብናኝ ከባድ ነው፣ ያጣብቃል። እንደ በቆሎ ነፋስ አያነሳውም። ከወንዴው ወደ ሴቴዋ የግድ የሚሸከመው ያስፈልጋል። ውሃ ሲነካው ደግሞ ያብጥና ይፈነዳል፤ ከዚያ በኋላ አይረባም። ስለዚህ የኔ ዱባ ያጣው ፍግም ውሃም አይደለም። ንብ ነው ያጣው፣ ደረቅ ጠዋት ነው ያጣው።

ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን በፊት ሥራዬን ጨረስኩ። ለሚቀጥለው ዓመት እንዳልረሳው በዝርዝር ልጻፈው።

ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ በማግስቱ የሚፈኩትን ለየሁ። ጫፋቸው ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካንማ ይዞራል፤ ያ ምልክቱ ነው። የሴቴዋን አፍ በክር ለቀቅ አድርጌ አሰርኩና ዝናብ እንዳይገባባት የፕላስቲክ ኩባያ ደፋሁባት። ሁለት ወንዴ አበባ ደግሞ ከነረጅም እግራቸው ቆርጬ ቤት አስገባሁ፤ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አደሩ። ጠዋት እዚያው ፈክተው አገኘኋቸው፣ ደረቅ እንደሆኑ። ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ይዞ ነበር።

አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ። የወንዴውን የአበባ ቅጠል ገፈፍኩና መሐሉ ላይ ያለውን ቢጫ ዘንግ ብቻ አስቀረሁ። የሴቴዋን ክር ፈታሁ። ውስጧ ሦስት ከንፈር የመሰለ ነገር አለ። ሦስቱንም በቀስታ ቀባሁ። በሁለቱም ወንዴ፤ አንድ አይበቃም። ከዚያ መልሼ አሰርኳት፣ እግሯ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ቀይ ክር ማለት እኔ ያገዝኳት ማለት ነው። የሌላ ዱባ ብናኝ እንዳይገባባት ስለታሰረች ለዘርም የታመነች ናት።

ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሐምሌ 22

ዛሬ ሌላ ሴቴ ነበረች። እየቀባሁ እያለ ዝናቡ ድንገት ወረደ። አንደኛውን ከንፈር በደንብ ነካሁ፣ ሁለቱን አላደረስኩም። ጥያት ልግባ ብዬ ነበር፤ ግን እንዲሁ አሰርኳትና ቀይ ክር ላይ ቋጠሮ ጨመርኩ። ምን እንደምትሆን እናያለን።

ነሐሴ 3

ውጤቱ። ያገዝኳቸው የዱባ ሴቴዎች አምስት ነበሩ፤ አራቱ ይዘዋል። ሆን ብዬ ለንብ የተውኳቸውም አምስት ነበሩ፤ የያዘችው አንዲት ናት። በድምሩ አምስት እንጭጭ አሉኝ። ተሰልፈው ሳያቸው ሆዴ ሞላ። ቋጠሮ ያላት አንደኛው ጎኗ ጎደሎ ነው፤ እንደ ተጣመመ እንስራ ሆናለች። ግን አለች።

ለልጄ አሳየኋት። እጇን ጨብጣ «ያቻትና!» አለች።

ነሐሴ 6

ለንብ ከተውኳቸው የያዘችው አንዲቷ ታመመች። ቆዳዋ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ አየሁ፤ ከነጥቡ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ስቆርጣት ውስጧ ነጫጭ ትል ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ናት። ቆዳው ለስላሳ ሳለ ትወጋና እንቁላሏን ትጥላለች።

የጎረቤት እትዬ መድኃኒት እንድረጭ መከሩኝ፤ ለራሳቸው ገዝተው ተርፏቸዋል። አመሰገንኳቸው፣ ግን ተውኩት። የሚረጨው ነገር ዝንቧን ብቻ መርጦ አይገድልም። ሦስት ንብ ብቻ ላለው ጓሮ መርዝ ማምጣት አልፈለግሁም። የታመመችውን ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት፤ ትሉ እዚያው ይሞታል። እንደዚህ ያለ ፍሬ አጥር ሥር ከተጣለ ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። የቀሩትን አራት በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኳቸው፤ አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያስገባም። እማዬ ነጠላውን ስትሰጠኝ «ክርስትና ልታነሳቸው ነው?» ብላ ሳቀች።

ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጌያለሁ። እርጥብ መሬት ላይ የተኛ ዱባ ሆዱ ይበሰብሳል።

ነሐሴ 12

ዙኩኒው በላይ በላዩ እያፈራ ነው። አበባዋ ከፈካች በአምስትና በስድስት ቀን ይደርሳል። አንድ ስንዝር ሳያልፍ መቆረጥ አለበት፤ ከቆየ ቆዳው ይጠነክራል፣ ተክሉም ሌላ ማፍራት ያቆማል። ፍልሰታ ስለሆነ በጥሩ ጊዜ ነው የመጣው። በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ አድርገን በላን። ለሦስት ጎረቤት አዳረስኩ።

አንዲት ነገር ልጻፍ፣ አስፈላጊ ስለሆነች። ዙኩኒም ሆነ ዱባ ሲቀመስ መራራ ከሆነ መትፋትና መጣል ነው። በብዛት ያልታወቀ ዘር ሲዳቀል ይመጣል። ምሬቱ ሲበስል አይጠፋም፣ ሆድ ክፉኛ ያማል።

ነሐሴ 24

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። ስለ ሰው የሚባል ነገር ስለሆነ ስለ ተክሎቹ አስቤ አላውቅም ነበር።

የእትዬ ቅል አጥራችንን ተሻግሮ መጥቷል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ለዱባዬ ወንዴ አበባ ስመርጥ ቀና ብዬ አየሁት። የዱባው አበባ በሙሉ ተጨማድዶ ተዘግቷል። የቅሉ ደግሞ ገና ሊፈካ ነው። ቆሜ ጠበቅሁ። ቀስ እያለ ተከፈተ፤ ነጭ ነው፣ ስስ፣ ልክ እንደ ነጠላ። ሲጨልም የእሳት ራት መጣች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች። ዱባ ቢጫ ሆኖ ጎህ ሲቀድ ለንብ ይፈካል። ቅል ነጭ ሆኖ ሲመሽ ለእሳት ራት ይፈካል። ቅጠላቸው ይመሳሰላል፣ ሐረጋቸው ይመሳሰላል፣ አንድ አጥር ላይ ይወጣሉ፤ ሰዓታቸው ግን ለየቅል ነው።

አመጣጣቸውም እንደዚያው። ቅል ከጥንት ጀምሮ የአፍሪካ ተክል ነው። የዱባ ዘር ግን መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ወደቀረው ዓለም ከተሻገረ 500 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ተረቱን ያሉት አባቶች ሁለቱን አጥር ላይ ጎን ለጎን በደንብ ያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ዝም ብላ ብዙ ቆመች።

መስከረም 9

ፀሐይ ወጣ፤ ከተማው ዳር ዳሩን አደይ ነው። ንቦቹ ተመልሰዋል! ዛሬ ጠዋት አንድ የዙኩኒ አበባ ውስጥ አራት ንብ አየሁ። ከእንግዲህ እኔ አላስፈልጋቸውም።

ቅጠሉ ላይ ግን ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ጀመረ። ይህኛው በጣት ሲፈተግ ይለቃል። ዝናቡ ቆሞ ቀኑ ሲሞቅ፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የሚመጣ ነው። የባሰባቸውን ቅጠሎች ቆርጬ አወጣሁ። ለቀሩት አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጬ ፀሐይ ባለበት ጠዋት ረጨሁ። ሁለት ጊዜ በሳምንት ልደግመው ነው።

መስከረም 24

ዱባዎቹን ቆረጥኩ። ጥፍሬን ቆዳው ላይ ስጫን አይገባም። ግንጩ ደርቆ እንደ ቡሽ ሆኗል። ቢጫውም ቀለም ወደ ቡናማ አዘንብሏል። ካገዝኳቸው ከሁለት ወር በላይ ሆኗቸዋል። ግንጩን አንድ እጅ ያህል አስተርፌ ነው የቆረጥኩት፤ ግንጩ ከተነቀለ በዚያ ቀዳዳ መበስበስ ይጀምራል።

በሱቅ ሚዛን መዘንኳቸው፦ 8 ኪሎ፣ 6 ኪሎ ተኩል፣ 6 ኪሎ፣ ያቺ ጎኗ የጎደለው 3 ኪሎ ተኩል። በረንዳ ላይ ጆንያ አንጥፌ ፀሐይ እንዲመታቸው አስቀመጥኩ፤ ማታ ማታ እናስገባቸዋለን። አሥር ቀን እንዲህ ከዋሉ ቆዳቸው ይጠነክራል፣ ለወራት ይቆያሉ።

ጥቅምት 5

ጽጌ ነው። እማዬ የጽጌን ጾም ትጾማለች፤ የመጀመሪያውን ዱባ ወጥ ለሷ ብለን ሠራን። የቆረጥነው ጎኗ የጎደለውን ነው፣ እሷ ብዙ አትቆይም ብዬ።

ቢላዋውን የያዘችው እማዬ ናት። መሐሏን ስትከፍለው ሁለታችንም ጎንበስ አልን። በሞላው ጎን ፍሬው ወፍራም ነው፣ ጥቅጥቅ ብሏል። በጎደለው ጎን ያሉት ግን ልጥጥ ናቸው፤ ቅርፊት ብቻ፣ ውስጣቸው ባዶ። ደብተሩን አምጥቼ ሐምሌ 22ን አነበብኩላት፤ ዝናቡ ድንገት ወረደ፣ አንደኛውን ከንፈር ብቻ ነካሁ። አንዱን ልጥጥ ፍሬ አንስታ በጣቷ ጫን አድርጋ አየችው። «እንግዲያ በዚህ በኩል አልደረሳትም» አለች።

ወጡን በሽንኩርት ቁሌት፣ በበርበሬና በዘይት ሠራችው። ውሃ ሳይቋጥር ቀረ። ልጄ ሁለቴ ጨመረች።

ለዘር ግን የዚችን አንወስድም። የ8 ኪሎዋ ስትቆረጥ ከእሷ 40 ፍሬ ይወጣል፤ ቀይ ክሯ አሁንም ግንጯ ላይ አለ። እማዬ ማድ ቤት ውስጥ ጭሱ በሚያልፍበት በኩል ሚስማር መትታ የምታንጠለጥልበትን ጨርቅ ከወዲሁ አጥባ አስጥታለች።